በገቢና በወጪ መካከል ያሉት ቀናት

መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል በየዓመቱ ለአገሮች የሙስና ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከመቶ ነው። ወደ መቶ የተጠጋ የጸዳ፣ ወደ ዜሮ የወረደ የተዘፈቀ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ 37 አግኝታ ከ180 አገሮች 99ኛ ሆነች። ዴንማርክ 90 አገኘች፣ ደቡብ ሱዳን 8። የዓለም አማካይ 43 ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች አማካይ ደግሞ 33። ከጎረቤት ብዙ አላነስንም ብሎ የሚጽናና አለ፣ ከግማሽ በታች ወደቅን ብሎ የሚቆጭም አለ። እኔ ግን በምዕራብ አርሲ፣ ኩየራ ከተማ ተቀምጬ ቁጥሩን በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ 37 እዚህ እኛ ዘንድ የት ነው ያለው? በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው መስኮት፣ በየትኛው ባለጉዳይ ላይ ነው የተለካው?

ነጥቡን ወደ ኋላ ሄጄ ተከታትዬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ነጥባችን 33 ነበር። በ2019 37፣ በ2020 38፣ በ2021 39፣ በ2022 38፣ በ2023 እንደገና 37። በእነዚህ ዓመታት አገራችን ምን እንዳለፈች ማንም አይረሳውም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ተቀየረ፣ በሰሜን ሁለት ዓመት የፈጀ ጦርነት ተካሄደ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል እዚሁ አጠገባችን ሻሸመኔ ላይ ሰው ሞተ፣ ሆቴልና ሱቅ ተቃጠለ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ቀን አመድ ሆነ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ የሙስና ነጥባችን በአንድ ከፍ አለ፤ በጦርነቱ መሃል ደግሞ ከፍተኛው ላይ ደረሰ። መለኪያው የተሠራው ለሙስና እንጂ ለሰላም አይደለምና ሐሰት ነው አልልም። የምለው፣ አንድ ቁጥር ይዘን የመንግሥትን ጥራት አወቅን ማለት እንደማንችል ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ ይገባል። ከበርሊን ተነሥቶ አርሲ ነገሌ ድረስ መጥቶ ሰልፍ የሚይዝ መርማሪ የለም። ድርጅቱ የሚጠቀመው ሌሎች ተቋማት የሰበሰቧቸውን 13 ምንጮች ነው። በእነዚህ ምንጮች ውስጥ መልስ የሚሰጡት በአብዛኛው ባለሙያዎችና የንግድ ሰዎች ናቸው፤ ስለ አገሩ ያላቸው ግምት በአማካይ ተሰልቶ ነጥብ ይሆናል። የዓለም ባንክም ዳንኤል ካውፍማንና አርት ክራይ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች የጀመሩት፣ ከ1996 ወዲህ ያሉትን ዓመታት የሚሸፍን መለኪያ አለው። እሱ መንግሥትን በስድስት ፈርጅ ይመለከታል፤ የሕዝብ ድምፅና ተጠያቂነት፣ የፖለቲካ መረጋጋት፣ የመንግሥት ብቃት፣ የቁጥጥር ጥራት፣ የሕግ የበላይነት፣ ሙስናን መግታት። የማከብርለት ነገር አለ። ከነጥቡ ጎን ስሕተቱ እስከ ምን ሊሆን እንደሚችል አብሮ ያትማል። ጋዜጦቻችን ግን ደረጃውን ብቻ አንሥተው የስሕተቱን ስፋት ይተዉታል። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ለብልሽት የተጋለጠ መሆኑን ደግሞ ራሱ የዓለም ባንክ አሳይቶናል። ንግድ መሥራት ምን ያህል ይቀላል እያለ አገሮችን በደረጃ ያስቀምጥ የነበረውን ሪፖርቱን፣ የ2018 እና የ2020 እትሞች መረጃ እንደተነካካ ከታወቀ በኋላ በመስከረም 2021 እስከ ወዲያኛው አቋርጦታል።

ይህን ሁሉ የምከታተለው ሥራዬ ስለነበረ ነው። ዕድሜዬን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የመንግሥት አስተዳደር ትምህርቴንም በርቀት የተማርኩት እዚያው መደርደሪያ ሥር ተቀምጬ ነው። በስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ቡ ሮትስታይንና ሶረን ሆልምበርግ በ2004 ያቋቋሙት የመንግሥት ጥራት ኢንስቲትዩት መኖሩን ያወቅሁትም በዚያ ጊዜ ነው። ሮትስታይን ከያን ቴዎሬል ጋር በ2008 ያሳተመው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ያነሣል። የመንግሥት ጥራት ማለት ምንድን ነው? ሀብት ነው? ምርጫ ነው? ጥሩ ፖሊሲ ነው? መልሳቸው ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጥራት ማለት ሥልጣን በሥራ ላይ ሲውል አድሎ አለመኖሩ ነው ይላሉ። ሹሙ ሕጉን ሲፈጽም ሕጉ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር፣ ማለትም ዘመድነት፣ ጎሣ፣ ገንዘብ፣ የፓርቲ አባልነት፣ ትውውቅ፣ ሚዛኑን እንዳይነካው ነው። ሳነበው ዓይኔ ላይ የመጣው የገቢ መዝገቤ ነው።

መዝገብ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ልንገረው። ጠንካራ ልባድ ያላቸው ሁለት ትልልቅ መዝገቦች አሉ፤ አንዱ የገቢ፣ አንዱ የወጪ። ማመልከቻ ሲመጣ ጀርባው ላይ የገቢ ማህተም ይመታበታል፣ ቀንና ቁጥር ይጻፍበታል። በመዝገቡ ላይ ከማን እንደመጣና ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይሰፍራል፤ እኛ ጋ በቁቤ ነው የሚጻፈው። ከዚያ በካርቶን አቃፊ ሆኖ ወደ ኃላፊው ይገባል። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ለማን እንደሚመራ ጽፎ ይፈርማል። ወረቀቱ ሲወርድ ባለሙያው ፈርሞ ይረከባል። ሥራው ሲያልቅ መልሱ ተተይቦ ይፈረማል፣ የወጪ ቁጥርና ቀን ያገኛል፣ ክቡ ማህተም ያርፍበታል፣ ግልባጩ ፋይል ውስጥ ይቀራል። አንድ ባለጉዳይ መንግሥትን አገኘሁ የሚለው በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ነው፤ ገቢ በሆነበትና ወጪ በሆነበት ቀን መካከል።

ድንች የሚያመርት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወንድማማቾች ወሰን ገፍተውባቸው ነበርና ባለሙያ ወጥቶ እንዲለካላቸው አመለከቱ። ገበያ በወጡ ቁጥር ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው መስኮቱ ጋ ይመጣሉ። «እትዬ፣ ወረቀቴ ወረደ?» ይሉኛል። «ገና ነው አባባ፣ አልወረደም» እላቸዋለሁ። ወረቀቱ ሲወርድ ደግሞ ባለሙያው ስልጠና ላይ ነው፤ ከስልጠና ሲመለስ የመስክ መኪና ነዳጅ የላትም። ዘር ተዘራ፣ ድንቹ ወጣ፣ የገፉትም ሰዎች ምርቱን ሰበሰቡ። መልሱ ወጪ የሆነው ዓመቱ ዞሮ ሌላ ዘር ሊገባ ሲል ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ሰው ጠዋት መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሞ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ገባ። ከምሳ በፊት የተፈረመ ደብዳቤ ወረደልኝና የወጪ ቁጥር ስጪው ተባልኩ። ገቢውን ፈለግሁት፤ የለም። ማመልከቻ አላስገባም፣ ማህተም አልተመታበትም፣ ለማንም አልተመራም። በመዝገቡ ላይ ወጪ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ይህን እንደ ሐሜት የምነግራችሁ አይደለም። ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲገለጡ የሮትስታይን ሐሳብ በቁጥር ይወጣል። ወጪ ከሆኑ ደብዳቤዎች ውስጥ ስንቱ ገቢ የላቸውም? ተመሳሳይ ጉዳይ ይዘው ከገቡት መካከል የአንዱ በሦስት ቀን፣ የሌላው በአንድ ዓመት የሚያልቅበት ልዩነት ምን ያህል ይሰፋል? የውጭ ባለሙያ ግምት አያስፈልገንም። መረጃው በየወረዳው፣ በየቀበሌው በእስክሪብቶ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የሰው ግምት ሳይሆን ወረቀት ይቆጠር ነው የምለው።

ወረቀት ተቆጥሮ ያውቃል። አልበርቶ ቾንግ፣ ራፋኤል ላ ፖርታ፣ ፍሎረንሲዮ ሎፔዝ ደ ሲላኔስና አንድሬ ሽላይፈር በ2014 ባሳተሙት ጥናት ወደ 159 አገሮች፣ ለእያንዳንዱ አገር አሥር አሥር ደብዳቤ ላኩ። አገሩና ከተማው ትክክል ነው፤ የተጻፈለት ድርጅት ግን በምድር ላይ የለም። በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት መሠረት ባለቤት ያልተገኘለት ደብዳቤ በአንድ ወር ውስጥ ወደ ላኪው መመለስ አለበት። አጥኚዎቹ አሜሪካ ቁጭ ብለው የሚመለሰውን ጠበቁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 59 በመቶው ተመለሰ። ሃያ አንድ አገሮች አሥሩንም መለሱ፤ ካናዳ፣ ኖርዌይ፣ ጀርመንና ጃፓን ብቻ ሳይሆኑ ኡራጓይ፣ ባርባዶስና አልጄሪያም በመካከላቸው ነበሩ። ከአሥራ ስድስት አገሮች አንድም አልተመለሰም፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሲሆኑ ሩሲያና ካምቦዲያም ነበሩበት።

ይህን ጥናት የምወደው አድሎ የሚያደርግበት ሰው ስለሌለው ነው። ባለቤት የሌለው ደብዳቤ ጉቦ አይሰጥም፣ ዘመድ የለውም፣ ቢሮ በር ላይ ቆሞ አይቆጣም። የፖስታ ሠራተኛው ቢመልሰው ማንም አያመሰግነውም፣ ቢጥለው ማንም አይጠይቀውም። እንዲያም ሆኖ የሚመለስ ከሆነ ሥርዓቱ ራሱን ችሎ ይሠራል ማለት ነው። እኛም በፖስታ አዲስ አይደለንም። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታ ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆንነውም በ1908። ዛሬ በስልክ መልእክት ዘመን የፖስታ ነገር ያረጀ ሊመስል ይችላል። የእኔ ሽማግሌ ማመልከቻ ግን ያው ደብዳቤ ነው፤ ማንም የማይከታተለው፣ ቢጣልም የሚጠይቅ የሌለው።

አሁን ወደ ማብራሪያው ልምጣ። አንዱ አገር ለምን ደህና ይሠራል፣ ሌላው ለምን አይሠራም? በዳሮን አሴሞግሉ፣ በሳይመን ጆንሰንና በጄምስ ሮቢንሰን የሚታወቀው መልስ ቅኝ ገዢዎች የተከሏቸው ተቋማት የዛሬውን ወሰኑ የሚል ነው። ሦስቱም በ2024 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይህ ማብራሪያ ለእኛ እጅግም አይሆንም፤ ከአምስት ዓመቱ የኢጣልያ ወረራ በስተቀር ተቋሞቻችንን የተከልነው ራሳችን ነን። የሚወስነው ሕጉ ከማን መወረሱ ነው የሚሉም አሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው። ነገር ግን የኩየራ ገበሬ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በሽማግሌ ፊት እንጂ በዳቪድ አንቀጽ አይደለም።

በብዛት የሚነገረው ግን ባሕላችን ነው የሚለው ነው። «የእኛ ሰው እንዲህ ነው» ሲባል ደሜ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2024 80 ነጥብ ያገኘችው ስዊድን ትናንት ምን ነበረች? እዚያ ሹመት እንደ ንብረት የሚቆጠርበት፣ ባለሥልጣኑ ሲለቅ ቦታውን ለተተኪው በገንዘብ የሚያስተላልፍበት ዘመን ነበር። በ1809 ፊንላንድን በሩሲያ ተነጠቀች። ከዚያ በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ባሉት አሥርት ዓመታት ውስጥ ደመወዙን፣ ቅጥሩን፣ ትምህርቱን፣ ሕጉን ተራ በተራ ቀየረች። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን በ1766 ማንም ሰው የመንግሥትን ሰነድ ገልጦ ማየት ይችላል የሚል ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ በመሃል ተገድቦ ቢቆይም ከ1809 በኋላ ተመልሷል። ዛሬም እዚያ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚገባና የሚወጣ ደብዳቤያቸውን መመዝገብ አለባቸው፤ መዝገቡንም ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። የእኔን የገቢ መዝገብ ማለት ነው። ልዩነቱ የእነሱ ክፍት መሆኑ ነው።

በአገራችንም የተሳካ አለ፤ ስንዘረዝር የምንረሳው እሱን ነው። የገጠር መሬት ምዝገባን አስታውሱ። ከትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ ሲስፋፋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያዙ። በአፍሪካ ይህን የሚያህል በዚህ ወጪ የተሠራ ምዝገባ ማግኘት ይከብዳል። ቀያሹና ጸሐፊው ያው እንደ እኔ የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም ያው ነው። የሠራው ግን ማሳው ላይ ቆሞ ነው። ገበሬዎች የመረጧቸው የኮሚቴ አባላት አብረውት ቆመዋል፣ የወሰንተኞቹ ዓይን ተክሎበታል። ድንበሩን በገመድ ሲለካ ጎረቤት «አይደለም፣ ከዋርካው ወዲህ ነው» ይለዋል። በኋላ ደግሞ የሚስት ስም ከባል ስም ጎን እንዲሰፍር ሕጉ አዘዘ። ሠራተኛው አንድ፣ ባሕሉ አንድ፣ የተለየው ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው። በር ተዘግቶ ሲሠራ የሚጠፋ ወረቀት ሰው ፊት ሲሠራ አይጠፋም።

ደመወዝ አይገባበትም አልልም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የወረዳ ሠራተኛ ኑሮ ምን እንደሆነ በቤቴ አውቀዋለሁ። ጭማሪ ተደርጓል፤ ዘይትና ጤፍ ግን አልጠበቁትም። የተራበ ጸሐፊ በሩ ላይ የሚቆመው ጉዳይ ፈጻሚ የሚያቀርብለትን ሁሌ ይገፋል ብሎ መጠበቅ ግፍ ነው። ሆኖም ደመወዙ ሲሻሻል የተመለከትኩት ወረቀቱ ፈጥኖ ሲወርድ አይደለም። የሚያዘገየው ሌላ ነው።

ያ ሌላው ነገር ሪፖርታችን ነው። ሩብ ዓመት በመጣ ቁጥር የዕቅድ አፈጻጸም ይጻፋል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል። ክንውኑ 92፣ 95፣ 97 በመቶ ነው። ቢፒአር የሚባለው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥም መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘናም መጣ፣ የሪፖርቱ ቅጽ ተቀየረ፣ መቶኛው ግን አልወረደም። ሠራተኛውን የሚመዝነው ኃላፊው፣ ኃላፊውን የሚመዝነው የበላዩ፣ የበላዩም የሚመዝነው ከሥር በተላከለት ወረቀት ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ባለጉዳዩ የትም የለም። ዓይናችን ሁሉ ወደ ላይ ነው። የመንግሥታችን ጥራት ችግር ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ፤ ለኪውና ተለኪው አንድ ሰው መሆናቸው ነው።

ከዚህ የተለየ ልኬት ግን አይቻለሁ። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ እኛ አካባቢ፣ ሲራሮም ሻሸመኔ ዙሪያም፣ ሕፃናት ክፉኛ ተጎዱ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ኩየራ ላይ የተጎዱትን የሚያክምበት ማዕከል ከፍቶ ነበር። እናቶች ከሩቅ ቀበሌ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ነርሷ የልጁን ግራ እጅ ታነሣና ከትከሻና ከክርኑ መሃል ቀለም ያላት ጠባብ ጥብጣብ ታስራለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀዩ ላይ ያረፈ ወዲያው ይገባል። የማን ልጅ ነው፣ አባቱ የምን አባል ነው፣ ከየትኛው ቀበሌ ነው ብሎ የሚከራከር አልነበረም። መሬቱ በዚያን ጊዜ ለምለም ነበር፤ ከመንገድ ለሚያይ ሰው ረሀብ አይመስልም። ሜዳው ውስጥ የነበረውን የተናገረችው ያቺ ጥብጣብ ናት። ልኬት በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ሰው እጅ ሲሆን ነፍስ እንደሚያተርፍ ያየሁት እዚህ ከተማ ነው። ስለ መንግሥት መለኪያ ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ሩዋንዳን በምሳሌ የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢሚሂጎ የሚባለውን የአፈጻጸም ውል ጀመረች፤ የወረዳ አስተዳዳሪዎች ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይፈራረማሉ። እኛም ዕቅድ እንፈራረማለን። እነሱ ግን ኋላ ላይ ውጤቱን የሚመዝነውን ከአስተዳዳሪው ውጭ አደረጉት። በ2024ቱ የሙስና መለኪያ 57 ማግኘታቸው፣ ከቦትስዋና እኩል መሆናቸው፣ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ነገር ግን በዓለም ባንኩ ስድስት ፈርጆች ውስጥ የሕዝብ ድምፅ የሚለው ለእነሱ ዝቅተኛ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ሰው ሹሙን በአደባባይ ሊሞግት ይችላል፤ ኪጋሊ ላይ ይከብዳል። ወረቀቱ ቶሎ የሚወርድበት ነገር ግን ለምን ዘገየ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈራበት መንግሥት እኔ አልመኝም። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ በደሉ እስኪታረም አይመለሱም፤ ለእኛ የሚስማማው ያ መጠየቅ ያልቀረበት መንገድ ነው።

ሌላው ቀዳዳ የሕዝብ ቁጥር ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ እንዲደረግ ያዛል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተቆጠርን። አራተኛው ከ2009 ጀምሮ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። ስለዚህ ለጤና ጣቢያው የሚመደበው መድኃኒት፣ ለትምህርት ቤቱ የሚመደበው መምህር ከ1999 ተነሥቶ በተሰላ ግምት ላይ የቆመ ነው። ስንት ሰው እንደሚያገለግል የማያውቅ መሥሪያ ቤት ስንት ሰው እንዳላገለገለ ከየት ያውቃል? የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን የሚቆጥረው የመጣውን እንጂ ሳይሳካለት የተመለሰውን አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። እያንዳንዱ የወረዳና የከተማ መሥሪያ ቤት በየወሩ መጨረሻ ከገቢና ከወጪ መዝገቡ ሦስት ቁጥሮችን አውጥቶ በር ላይ ይለጥፍ። አንደኛው፣ መሃል ላይ ያለው ባለጉዳይ ከገቢ እስከ ወጪ ስንት ቀን ፈጀበት የሚለው ነው። አማካይ አልልም፤ በአማካይ ከሆነ ከምሳ በፊት ያለቀለት ሰው የሽማግሌውን ዓመት ይሸፍንለታል። ሁለተኛው፣ ከገቡት መካከል ከሁሉ በላይ የዘገየው ስንት ቀን ሆነው። ሦስተኛው፣ ገቢ ሳይኖራቸው ወጪ የሆኑ ደብዳቤዎች ስንት ናቸው። ስም አያስፈልግም፤ የማንም ምስጢር አይወጣም። ለጅምሩ በሦስት ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ በመሬት ይዞታ፣ በልደት ምስክር ወረቀትና በንግድ ፈቃድ። የወረዳ በጀት በግድግዳ ላይ መለጠፍ ከተጀመረ ቆይቷል፣ በጤና ተቋማትም ኅብረተሰቡ ተሰብስቦ የጥበቃ ጊዜውን፣ መድኃኒቱን፣ አምቡላንሱንና ንጽህናውን ነጥብ የሚሰጥበት ካርድ አለ። ለቀናቱም ቦታ አይጠፋም።

ሕጉ ያግዛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መረጃ ጠይቆ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ነው፣ መነሻው ሐሳብም ስዊድን በ1809 የጀመረችው ነው። ችግሩ ገበሬው ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ የመረጃ ጥያቄ ቅጽ እንዲሞላ መጠበቁ ነው። ቁጥሩ በሩ ላይ ከተለጠፈ ቅጽም አያስፈልገውም፤ የማያነብ ቢሆን ልጁ ያነብለታል።

የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ መልስ አላቸው። «መዝገቡንም ያጣምሙታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሊያጣምሙት ይችላሉ። ማመልከቻውን ሳይመዘግቡ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ሊያልቅ ሲል ገቢ ያደርጉታል፤ ቀኑ ሁለት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ባስረከበበት ሰዓት ቀንና ተራ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠው። ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ እስካለ ድረስ ቀኑን የሚያሳጥርበት የለም። መዝገቡ ገጹ አስቀድሞ የተቆጠረና የታሰረ ይሁን፤ የሚቀደድ ወረቀት አይሁን። አዲስ አበባ ላይ እንደተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያሉት ቦታዎች ደግሞ ሰዓቱ በኮምፒውተር ስለሚያዝ ከዚህም ይቀላቸዋል፤ እነሱ የሚቀራቸው ማተምና መለጠፍ ብቻ ነው።

ቁጥሩን የሚያወጣው መዝገብ ቤቱ ራሱ ይሁን፤ የሚያረጋግጠው ግን ሌላ ይሁን። የወረዳው ምክር ቤት በየሩብ ዓመቱ ሁለት ሦስት አባላቱን ልኮ ከመደርደሪያው ሃያ ፋይል በዘፈቀደ ያስወጣ፣ ከተለጠፈው ጋር ያስተያይ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመንግሥት አስተዳደር ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ይልካሉ፤ ፎቶ ኮፒ ከማስነሣት ይልቅ ይህን ያሠሯቸው። ጨፌ ኦሮሚያ ከሐምሌ በሚጀምረው የበጀት ዓመት ከየዞኑ አንድ አንድ ወረዳ ወይም ከተማ መርጦ ቢያስጀምር የሚጠይቀው ወጪ የአንድ ስብሰባ ውሎ አበል አይሞላም። ከምዕራብ አርሲ ኩየራ ብትመረጥ ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ቁጥር ለማውጣት እኔ ያለ ክፍያ እቀመጣለሁ፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚነበብ አውቃለሁ።